ጆሮና የእናቴ ሎሚ

በዚያ ዓመት ዝናቡ እንደቀረ ቀረ። ግድቡ ጭቃ ሆነ፣ ውሃ በፈረቃ ሆነ፣ ሰው ሲገናኝ እንኳ «ደህና አደርሽ?» ማለቱን ትቶ «መጣላችሁ?» መባባል ጀመረ። የቧንቧ ውሃ ለመኪና ክልክል፣ ለደጅ ክልክል፣ ለአበባና ለዛፍ ክልክል ተባለ። ሕጉን ጥሶ የተገኘ ቤት ቆጣሪው ይታሸጋል፤ ዝናብ እስኪመለስ ድረስ ጠብታ አያይም።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቆጣሪው የታሸገ ፀጉር ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ምንም አይመስልም። ዝግ ነው። የእኔዋ ደግሞ የአባዬ ቤት የፊት ክፍል ናት፤ አንድ ትልቅ መስተዋት፣ ሁለት ወንበር፣ አንገት ማስደገፊያው የተሰነጠቀ መታጠቢያ። በሰው ቤት የሰው ራስ ሳጥብ ኖሬ ነው የራሴ ያደረግኳት። ስለዚህ ያንን ቆጣሪ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው።

ብልሃትም ፈጥሬ ነበር። በሩ ላይ «ውሃሽን ይዘሽ ነይ» ብዬ ጻፍኩ። ደንበኞቼ ከቦርሳቸው ጋር ውሃቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ በጄሪካን፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንዷማ በልጇ ጡጦ ሞልታ መጥታ «ይበቃል?» አለችኝ። በአንድ ጆግ ውሃ የፈለገውን ያህል የበዛ ፀጉር አጥቤና አለቅልቄ፣ የሳሙና ዘር ሳላስቀር አስነሳለሁ። የጎደለባት ካለች ከጓሮ በርሜሌ እጨምርላታለሁ። በርሜሉ እንደ ሌላው ሰው በርሜል ቶሎ አያልቅም ነበር። እጄ በረከት አለው እያልኩ እኩራራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ የእናቴ ሎሚ።

እናቴ በሕይወት ሳለች በግቢያችን መሃል የተከለችው ዛፍ ነው። የሰፈሩ ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ግንዱ ብቻ ሲቀር፣ እሱ ለምልሞ፣ አብቦ፣ ፍሬ ይዞ ቁጭ! ዓይን አውጣ ዛፍ። ጠዋት ጠዋት ሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ነው።

ምክንያቱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። አባዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በሥራ ዘመኑ ሸሚዙ ላይ እንከን የማይገኝ፣ በየቀኑ ፂሙን የሚላጭ ሰው ነበር። ድርቁ ከመጣ ወዲህ ግን መላጨቱንም መታጠቡንም ተወው። ፂሙ ተንጨባረረ፣ ጠረኑም… እሱን እንተወው፣ አባቴ ነው። የድርሻውን ውሃ የት እንደሚያደርገው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሰው ሳያየው ለእናቴ ዛፍ ያጠጣዋል! አንጀቴን በላኝ። ተው እንዳልለው እንዴት ብዬ፤ ዝም እንዳልል ቆጣሪው አለ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ካልኩ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቀኝ ያውቃል።

አጥር የምትጋራን ሴትዮ ግን ዝም አላለችም። ሰፈሩ ሁሉ «ራዲዮ» ነው የሚላት፤ ያየችውን ሳታስተላልፍ አታድርም። የእሷ ጽጌረዳ ደርቆ የእኛ ሎሚ መለምለሙ አንገብግቧት ለውሃ መሥሪያ ቤት ደውላ ተናገረች።

እሱ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠዋት ደጁን ስከፍት አንድ ወጣት ቆሟል። ረጅም፣ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ በትከሻው ቦርሳ፣ በእጁ ቁመቱን የሚያክል የብረት ዘንግ።

«የውሃ ቁጥጥር ነኝ» አለ።

«እኔ ደግሞ የውሃ ችግር ነኝ። ምን ነበር?»

ፈገግታው ሊያመልጠው ሲል ዋጥ አደረገው፤ አይቼዋለሁ። «ዛፉን ላየው ነበር። ጥቆማ ደርሶን።»

«ዛፍ አይተህ አታውቅም?»

«ዘንድሮ እንዲህ ያለ? አላየሁም።»

ገባ። ከኋላው እየተከተልኩ ወሬ አወርድበታለሁ፤ ሰው በሰው ግቢ ምን አገባው፣ አንዳንዱ የራሱን በር ቢጠብቅ ምናለበት። እሱ አልመለሰልኝም። ተንበረከከና አፈሩን በጣቱ ፈትጎ አሸተተ። ከዚያ ዘንጉን ከዛፉ አጠገብ ተክሎ፣ አናቱ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ነገር ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደግሞ ምንድን ነው እሱ? የዛፉን ልብ ትርታ ነው የምትለካው?»

«ይቅርታ…» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ «ትንሽ ጸጥ ሊሉልኝ ይችላሉ? ከመሬት ሥር የሚፈስ ውሃ ካለ በዚህ ይሰማል።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው «ዝም በይ» ብሎኛል። እንዲህ አክብሮ የለመነኝ ግን አልነበረም። ከመገረሜ የተነሳ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ማየት ጀመርኩ። ሽፋሽፍቱ ላይ አቧራ ነበረበት። ሲያዳምጥ ፊቱ እንደተኛ ሕፃን ፊት ይረጋል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መቀነቴን አስተካከልኩ።

«ከሥር የሚሰማ ነገር አለ» አለ በመጨረሻ። «ቧንቧ የፈነዳ ይመስለኛል።»

ምስኪን! አልኩ በሆዴ። ነገሩ ያለው ከሥር ሳይሆን በረንዳው ላይ ፂሙን አንጨባርሮ ከተቀመጠው ሽማግሌ ዘንድ ነው።

«የእኛ ቧንቧ የሚገባው በበሩ በኩል ነው። እዚህ ምንም የለም።»

«መሥሪያ ቤታችን ያለው ካርታም የለም ነው የሚለው።»

«ታዲያ?»

«ካርታው ሳይሳሳት አይቀርም። ቆፍሬ ማየት አለብኝ።»

ይህን ጊዜ አባዬ ከበረንዳው ተስፈነጠረ። «ምን አልክ? መቆፈር? የሚስቴን ዛፍ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«አባባ፣ ሥሩን ሳልነካ…»

«በየት በኩል ነው ሥሩን ሳትነካ የምትቆፍረው? በሰማይ? ውጣልኝ!»

እኔም ከአባዬ ጎን ቆምኩ። ቢቆፈር ቧንቧ አይገኝም፤ የእናቴ ዛፍ ይሞታል፣ የአባዬም ጉድ ይወጣል። «ሰምተሃል፤ አይቆፈርም» አልኩት።

አንዴ እኔን፣ አንዴ አባዬን አየ። «እሺ» አለ። «ግን ተመልሼ እመጣለሁ። የተላክሁት ላሽግ ነበር። የሰማሁትን ሳላጣራ ግን እጄ አይታዘዝልኝም።»

ተመልሶም መጣ፤ ደጋግሞ። ፈረቃው የእኛ በሆነ ጠዋት ሁሉ ያንን ዘንግ ይዞ መንገዱ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ በሩ አጠገብ እያዳመጠ ይዞራል። ሰፈሩ ወዲያው ስም አወጣለት፤ «ጆሮ» አለው። ራዲዮ ደግሞ «ጆሮ የሚመላለሰው ለውሃው ነው ለልጅቷ?» እያለች ታስተላልፍ ጀመር። እኔ እሷን እየረገምኩ፣ ፈረቃችን በሆነ ቀን ግን ከወትሮው ቀደም ብዬ ተነስቼ እለባብስ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሌላ ቦታ ሲቆፍር ውሎ፣ ከራሱ እስከ እግሩ አፈር ለብሶ ፀጉር ቤቴ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ግባና ልጠብህ። ደንበኞቼን ልታስበረግግብኝ ነው።»

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በአገጩ አመለከተኝ። «ውሃ አልያዝኩም።»

«ለዛሬ በእኔ ይሁን።»

ከራሴ ድርሻ አንድ ጆግ ቀዳሁ። ይህንን ለማንም አድርጌ አላውቅም። አንገቱን የተሰነጠቀችው ማስደገፊያ ላይ አስደግፌ፣ ጨርቅ አጥፌ ከሥሩ አደረግኩለትና ቀስ እያልኩ ማፍሰስ ጀመርኩ። ዓይኑን ጨፍኗል። ጣቶቼ ፀጉሩ ውስጥ ናቸው። ላወራ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል።

«እናቴ ላይኛው ሰፈር ነው የምትኖረው» አለ ድንገት። «ዳገቱ ላይ። ድርቁ ከገባ ጀምሮ አንድ ጠብታ ደርሷቸው አያውቅም። ፈረቃቸው ከእናንተ ጋር አንድ ነው፤ በቀኑ ውሃው ይለቀቃል፤ እዚያ ግን አይደርስም። በዕድሜዋ ከታች ጄሪካን ተሸክማ ትወጣለች። እኔ የውሃ ሠራተኛ ልጇ ሆኜ።»

«ታዲያ የት ይቀራል?»

«እሱን ነው የምፈልገው። መንገድ ላይ አንድ ቦታ እየጠፋ ነው።» ዓይኑን ገለጠና ከታች ወደ ላይ አየኝ። «አንቺ ትስቂብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን እዚህ ያለ ይመስለኛል።»

አንቺ አለኝ። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበርኩ።

አልሳቅሁም። ወደድኩት፤ ነገሩ ይኸው ነው። ወድጄውም ሆዴ ባባ፤ ምክንያቱም የሌለ ቧንቧ ፍለጋ ጉልበቱን የሚጨርሰው እኔና አባዬ ስለደበቅነው ነው። «አትልፋ» ልለው ከጉሮሮዬ ደርሶ ተመለሰ። ብናገር አባዬ፣ ቆጣሪው፣ ፀጉር ቤቴ። ዝም ብል ደግሞ እሱ።

በነጋታው፣ በፈረቃችን ማለዳ፣ ዘንጉን ዘረጋልኝ። «እስቲ አንቺ አዳምጪ። የእኔ ጆሮ የሚመኘውን መስማት ጀምሮ ይሆናል።»

ከዛፉ ሥር ተንበርክኬ ጆሮዬን ለጠፍኩ። እሱ ዘንጉ እንዳይወድቅ ከላይ ይዞልኛል፤ ጣቱ ጣቴን ነካ። ያን ጊዜ ሰማሁት፤ ሽሽሽሽ… የሚል፣ የማያቋርጥ። ደሜ ነው፣ እንደዚህ ነው እንዴ የሚጮኸው፣ ብዬ ደነገጥኩ።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም!» ብዬ ተነሳሁ፤ ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ከፊቱ ላይ አንዳች ተስፋ ሲወርድ አየሁ።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ራዲዮ ዳግመኛ ደወለች፤ «ሠራተኛችሁ ልጅቷን ስለወደዳት ነው የማያሽገው» ብላ። የጆሮ አለቃ ጠርታው ቁርጡን ነገረችው፦ ወይ ተቆፍሮ የፈነዳው ቧንቧ ይገኛል፣ ወይ ቆጣሪው ይታሸጋል። በሚቀጥለው ፈረቃችን።

ቀኑ ደረሰ። ጆሮ ዶማና አካፋ ከያዙ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር መጣ። በቦርሳው አፍ በኩል የማሸጊያው ሽቦ ይታያል። ክው አልኩ።

«አንተ ነህ የምታሽግብኝ?»

«ሌላ ሰው ሊልኩ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የሚመጣው ሰው አሽጎ ይሄዳል፤ ማዳመጥ አይጨምርም። እኔ ልሂድ አልኩ። እባክሽ፣ ልቆፍር።»

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ራዲዮ አጥሩ ላይ ወንበር አስጠግታ ቆማለች። አባዬ ደግሞ ግንዱን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ እጁን አጣጥፎ፣ እንኳን ዶማ ታንክ ቢመጣ የሚነሳ አይመስልም። አየሁት። ፂሙን፣ ያደፈ ኮሌታውን አየሁ። በስተርጅናው በሰው ፊት ሊዋረድ ነው። ጆሮም በሌለ ነገር ሊዋረድ ነው። ፀጉር ቤቴን በዓይኔ ተሰናበትኳት።

«አትቆፍር!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ቧንቧ የለም። እኔ ነኝ ያጠጣሁት!»

«ውሸቷን ነው!» አባዬ ከዛፉ ሥር ብድግ አለ። «እኔ ነኝ! እኔን ውሰዱኝ!»

«አባዬ፣ ዝም በል!»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ኧረ በሕግ! ሁለቱም ናቸው እንዴ?» አለች ራዲዮ፤ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ጆሮ ግን አልጮኸም። እንደልማዱ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በምን ነበር የምታጠጪው?» አለኝ።

«በ… በሰማያዊው ባልዲ። ጎህ ሲቀድ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ውሸቷን ነው!» አለ አባዬ። «ጎህ ሲቀድ ሰማያዊው ባልዲ እኔ ዘንድ ነው! በርሜሏ ውስጥ የምገለብጥበት እኔ እያለሁ…» ብሎ ድንገት አፉን በእጁ ያዘ።

«ምን አልክ? ምን ውስጥ?»

አንገቱን ደፋ። «በርሜልሽ ውስጥ ነዋ። ደንበኞችሽ ውሃ አልቆብሽ እንዳይመለሱ። አንድ ሽማግሌ ባይታጠብ ምን ይጎድላል ብዬ ነው።»

ያ የማያልቀው በርሜል! ያ በረከቴ! አባቴ ገላውን፣ ፂሙን፣ ኩራቱን ሁሉ እኔ በርሜል ውስጥ ሲያፈስ ኖሮ፣ እኔ እጄን ሳሞግስ ነበር።

«ታዲያ… ዛፉን የሚያጠጣው ማን ነው?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ እንጂ! ለእናትሽ ብለሽ የምታደርጊው ነው ብዬ፣ አይቼ እንዳላየ…»

«እኔ? አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም! አንተ ነህ ብዬ እኮ ነው!»

ተያየን። ከዚያ ሁላችንም፣ ራዲዮም ሳትቀር፣ አንድ ላይ ወደ ጆሮ ዞርን።

«አሁን ልቆፍር?» አለ።

አባዬ ዶማውን ከሠራተኛው እጅ ቀማ። ሊመታው ነው ብዬ ልይዘው ተንደረደርኩ። እሱ ግን ወዲያ ወረወረውና «በዶማ አይሆንም፤ ሥሩ የት የት እንደሚሄድ እኔ ነኝ የማውቀው» ብሎ ተንበረከከ። ጆሮም አጠገቡ ተንበረከከ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኩ። በእጃችን፣ በማንኪያ፣ በእኔ የቀለም መቀላቀያ ሳህን አፈር እየዛቅን ሥሩን አንድ በአንድ እየተውን ወረድን። አፈሩ መጀመሪያ እርጥብ ነበር፤ ከዚያ ጭቃ ሆነ፤ ከዚያ የጆሮ ጣት አንድ ጠንካራ ነገር ነካ።

ወፍራም፣ ያረጀ ቧንቧ ነው። የሎሚው ሥር መጋጠሚያውን አቅፎት፣ በተከፈተችው ስንጥቅ ገብቶ ይጠጣል። ጆሮ አፈሩን ከስንጥቁ ላይ ጠረግ ሲያደርግ ውሃው ወደ ላይ ተፈናጠረና አባዬን ፊት ለፊት ፂሙ ላይ አገኘው።

«እሰይ!» አለ አባዬ እየተንጠባጠበ። «በስንት ጊዜዬ ታጠብኩ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያ ሽሽሽ የሚል ድምፅም አሁን ያለ ዘንግ ለሁሉም ይሰማ ነበር። አወቅሁት። ያን ማለዳ የሰማሁት ደሜን አልነበረም። ወይም ደሜንም ነበር።

«ዋናውን መዝጊያ!» ብሎ ጮኸ ጆሮ፤ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። አንደኛው ሠራተኛ ወደ መንገዱ ሮጠ። ውሃው ቆመ። ጆሮ ሥሩን ከስንጥቁ በጥንቃቄ አውጥቶ፣ የተበላውን መጋጠሚያ ቀይሮ፣ መፍቻውን ጭቃ ውስጥ አስቀመጠና «ይህ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣው አሮጌው መስመር ነው» አለ። «ልቀቀው!» ብሎ ወደ መንገዱ ተጣራ።

ጠበቅን። የጆሮ ስልክ ጠራ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

«ልጄ» አለች አንዲት አሮጊት፣ «እኔ ቤት ቧንቧው ይስላል። ምን ሆኖ ነው?»

«ይሳል እማዬ፣ አትንኪው።»

ሳለ። ሲስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያጉረመርም ቆየ። ከዚያ ባልዲ ላይ የሚወርድ ውሃ ድምፅ መጣ። አሮጊቷ ታለቅስ ነበር። ዳገቱ ላይ ሰው ድስትና ባልዲ እየደበደበ ሲጮህ በነፋሱ እስከ እኛ ግቢ ይሰማ ነበር። አባዬ ጆሮን በጭቃማ እጁ አቅፎ ግንባሩን ሳመው። ራዲዮ ከወንበሯ ወርዳ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ «አፈር ልብላ፣ እኔ እኮ የምታጠጡ መስሎኝ ነው» አለች። «እኛም እንደዚያው መስሎን ነው» አልኳት። የማሸጊያው ሽቦ ቦርሳው ውስጥ ቀረ።

ሎሚው ግን መጠጫው ተዘግቶበት ቅጠሉን መጠቅለል ጀመረ። አባዬ እንደታመመ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ለዛፍ ንጹህ ውሃ ክልክል ነው፤ የእኔ ደግሞ ሳሙናና ቀለም ያለበት ነው፣ ይገድለዋል። አንድ ጠዋት ራዲዮ አትክልት ያጠበችበትን ውሃ በድስት ይዛ መጣች። ምንም ሳትናገር ከሥሩ አፍስሳ ሄደች። ወሬውን ግን በዚያው ቀን አስተላለፈችው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ድንች ያጠበበትን፣ ሩዝ ያለቀለቀበትን ይዞ በተራ መምጣት ጀመረ። ላይኛው ሰፈር ያሉት ሴቶችም ለፀጉር ሲወርዱ ሁለት ዕቃ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ ለሎሚው። ቅጠሉ ተፈታ።

በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ ጆሮ መጣ። ዘንጉን አልያዘም። ጄሪካን ነው የተሸከመው።

«ይኸው፣ ውሃዬን ይዤ መጣሁ» አለ። «ከእናቴ ቧንቧ ነው። እጠቢኝ።»

«ንጹህ ነህ እኮ። ደግሞ ለምን ጉዳይ?»

«አባትሽን ላነጋግር ነው። አፈር ለብሼ እንዳልቀርብ ብዬ።»

ጆጉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አባዬ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ ኮሌታው ነጭ ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል፤ ለካ ሁሉንም ሰምቷል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ና እስቲ አንተ ልጅ። ልጄ አፏ አያርፍም፤ ጠዋት የጀመረችውን ማታ አትጨርሰውም። ችለህ ትኖራለህ?»

«አባባ፣ ሥራዬ ማዳመጥ ነው» አለ ጆሮ።

አባዬ ሳቁን መዋጥ አቅቶት ወደ ዛፉ ዞረ። ጆሮ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ስንት ነገር ልለው ስዘጋጅ ነበር! ስለ ዘንጉ፣ ስለዚያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ «አትልፋ» ልለው ስላልኩበት ቀን። አንዱም አልመጣልኝም። እሱ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ያን ማለዳ መሬቱን እንደጠበቀው ጠበቀኝ።

«እሺ» አልኩ፤ ለራሴም እንኳ በቅጡ አልተሰማኝም።

«ምን አለች? ምን አለች? አልሰማሁም!» ብላ ራዲዮ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች።

እሱ ግን ሰምቶኛል።